ለዘንዶዬ ዋስ የቆመው ሰው

ዘንዶ አሳድጌ አውቃለሁ ስል የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል። «አባባ፣ ድመት ማለትዎ ነው» ይሉኛል። ድመት አይደለም፤ ዘንዶ ነው። ከቆላ የመጣ፣ እህል ቤቴን ሲጠብቅልኝ የኖረ፣ በመጨረሻም ያልበላውን በላ ተብሎ የሞተ ዘንዶ። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈምና አጻጻፌን አትዩብኝ። ነገሩን ግን እንደሆነው እጽፈዋለሁ፤ ከእኔ በቀር የሚጽፍለት ያለ አይመስለኝም።

ቤታችን ዳንግላ፣ ከከተማው ዳር፣ ከከብት ገበያው ዝቅ ብሎ ነበር። የምተዳደረው በፈረስ ጋሪ ነው። ከጋሪው ሌላ ከጓሮዬ አንድ ሰፊ የእህል ቤት ነበረኝ። የገጠር ሰው እህሉን ገበያ አውጥቶ ዋጋው አልጥመው ሲል፣ ያንን ሁሉ ተሸክሞ አቀበት ከሚመለስ እኔ ዘንድ አስቀምጦ ይሄዳል። በሌላው ገበያ መጥቶ ያወጣዋል። ለማስቀመጫ ከእህሉ ጥቂት ይሰፍርልኛል፤ ቤታችን የሚበላው እሱን ነበር። ጋሪውማ የሚያበላው ፈረሱን ነው።

ችግሬ አይጥ ነበር። የራስህ እህል ሲሆን አይጥ ቢበላው ከአንተና ከእግዜር አያልፍም። የሰው አደራ ሲሆን ግን ባለእህሉ ጆንያውን አንሥቶ «ቀሎብኛል» ባለ ቁጥር ፊትህ ይጠቁራል። መርዝ እንዳላደርግ የሰው ቀለብ ነው። ድመት አመጣሁ፤ ድመቷ ከአይጡ ይልቅ የባለቤቴን ወተት ወደደች።

በዚያ ዘመን ከጃዊ በኩል ሰሊጥና ጥጥ ይዘው የሚወጡ ነጋዴዎች አልፎ አልፎ ትንንሽ ዘንዶ ይዘው ይመጡ ነበር። እህል ቤት ያለው ሰው ይገዛቸዋል። አንድ የገበያ ቀን ከአበልጄ ጋር ሆነን ስናልፍ አንዱ ቆለኛ ቅል ታቅፎ አየነው፤ የቅሉ አፍ በጨርቅ ተወትፏል።

አበልጄ የምለው የአጥር ጎረቤቴን ነው። ከእንጅባራ በኩል መጥቶ የሰፈረ ቀርከሃ ሠሪ ነበር። ልጁን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። በአንድ የጽዋ ማኅበር እንጠጣለን፤ በአጥራችን መካከል ያለችው መተላለፊያ ቀንም ሌሊትም አትዘጋም ነበር።

«ምን አለበት?» አልሁት ቆለኛውን።

«የእህል ዘበኛ» አለኝ። «ደመወዝ አይጠይቅ፣ ጠላ አይጠጣ።»

«አይናደፍም?»

«ዘንዶ መርዝ የለውም፤ የሚገድለው ተጠምጥሞ ነው። አንተን ለመጠምጠም ግን ገና ብዙ ዓመት መብላት አለበት።»

አበልጄ ሳቀና «ውሰደው እንጂ! ካደገና ካስቸገረህ ቀበቶ እናደርገዋለን» አለኝ። ወሰድሁት። ያንን ቀልድ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ።

ባለቤቴ ቅሉን ከፍታ ባየች ጊዜ ያለችው «ወይ እኔ ወይ እሱ!» ነው። ለጥቂት ሳምንት እህል ቤቱ ደጃፍ አልደረሰችም። ከዚያ አይጡ ድምፁ ጠፋ። አንድ ጧት ሄድ ብል፣ በሩ ላይ ቆማ በአገውኛ ስትቆጣው ሰማኋት፤ እንቁላል ሰርቆባት ኖሯል።

«እኔን በአማርኛ፣ እሱን በአገውኛ ነው የምትቆጪው?» አልኋት።

«እሱ ይሰማኛላ!» አለችኝ።

ዳንግላ ለቆላ እንስሳ ብርድ ነው። ስለዚህ መኝታውን ከፈረሱ ጋጣ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ጥግ አደረግሁለት። ከግድግዳው ወዲያ የፈረስ ፍግ ተከምሮ ስለሚሞቅ ሙቀቱ ወዲህ ይዘልቃል። አበልጄ ደግሞ በቀርከሃ ከለላ ሠራለትና በላዩ ገለባ ጎዘጎዝን። ከውጭ ለሚያየው ተራ የገለባ ክምር ነው፤ ዘንዶ አለበት ብሎ የሚጠረጥር የለም። ሲገባም ሲወጣም በራሱ ቀዳዳ ነው።

አንድ ልማድ ነበረኝ። እህል ቤት ድንገት ገብቼ እንዳላስደነግጠው፣ ከመግባቴ በፊት የእህል መስፈሪያውን ቁና ደፍቼ መሬቱን ደብ ደብ አደርጋለሁ። እባብ ጆሮ የለውም ይባላል፤ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ግን ያውቃል። ያን ጊዜ ከገለባው ውስጥ ራሱን ብቅ ያደርጋል፤ እንቁላልም ሆነ የሞተ ጫጩት ካለኝ እሰጠዋለሁ። እንደዚያ እያልን ኖርን። እያደር ወፍራም ጭን አከለ፤ ሲዘረጋ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይደርስ ጀመር። ለእኔ ግን ያው ነበር፤ ቁናው ሲመታ ብቅ ይላል። ይህን አመሉን ከእኔና ከባለቤቴ ሌላ የሚያውቀው አበልጄ ብቻ ነበር። ጋሪዬን ይዤ ወደ አዲስ ቅዳም ከተማ ስሄድ የሚያየው እሱ ነዋ።

ሰፈሩም ለመደው። «አያ ባለጋሪ፣ እስቲ ዘንዶህን አውሰን» የሚለኝ በዛ። በጆንያ አድርጌ በጋሪ እወስደዋለሁ፤ የሰዎቹ ጎተራ ሥር ከርሞ ይመለሳል። መጀመሪያ ሰሞን ፈረሴ ሽታው ሲደርሰው ጋሪውን ይዞ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። በኋላ ዓይኑን በነጠላ ሸፍኜ መንዳት ጀመርሁ። ሰዉ «ዛሬ ፈረሱ ተሸፋፍኗል፤ ዘንዶው ሹም ተሳፍረዋል ማለት ነው» እያለ መንገድ ይለቅልናል።

እንዲህ ስንኖር ነው የሕጉ ረቂቅ የወረደ።

መኸር ተሰብስቦ ያለቀ ሰሞን ነው። ቀበሌ ስብሰባ ጠራ፤ ሄድን። ሊቀ መንበሩ ወረቀት ዘርግቶ አነበበ። ከላይ የመጣ ሐሳብ ነው አለን፤ ትልቅ እባብ በቤት ማሳደግ፣ መሸጥና መለወጥ እንዲከለከል የታሰበ፤ ገና ያልጸና፤ ሰፊው ሕዝብ እንዲወያይበት የተላከ። ያን ጊዜ ውይይት ማለት ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ቢሆንም ነገሩ እባብ ስለሆነ ሰዉ ትንሽ አፉን ፈታ።

«እባብ ያው እባብ ነው» አለ አንድ ሽማግሌ። «ሔዋንን ያሳተ የእኛን ሴቶች ይምራል?»

«የእርስዎዋን ለማሳትስ እባቡም ይደክመዋል» አለው ከኋላ አንዱ፤ ሳቅ ሆነ።

አንዲት እህል ነጋዴ ተነሣች። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ለዘንዶው ረቂቅ ወርዷል፤ ጥሩ። ለአይጡስ ወርዶለታል?»

«ሥነ ሥርዓት!» አለ ሊቀ መንበሩ፤ እሱም ግን ከንፈሩ አላስቻለውም።

የሰፈሩ ትልቅ ዘንዶ የእኔው ብቻ ስለነበር ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ በሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ተነሥቼ «ማንንም ነክቶ አያውቅም» ብዬ ተቀመጥሁ። ሊቀ መንበሩ ከኮሚቴው ጋር ተንሾካሾከና፣ የጸናው ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ ያለው ሰው ይያዝ፤ መሸጥ ግን ይቅር፤ የያዘም ዋስ ይጥራ፤ ጥፋት ቢያደርስ ዋሱ ይጠየቅበታል፤ ዋስ ካጣ ግን እንስሳው ይወገዳል አለ።

«ለእባብ ዋስ!» አለ ሰዉ።

«ዋስ አለህ?» አለኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት አበልጄ ከጎኔ ተነሣ። «እኔ አለሁ» አለ። «የዘንዶው ዋስ እኔ ነኝ።»

«ቢያጠፋ ትታሰርለታለህ?»

«እታሰርለታለሁ። እሱም ስንቅ ያመላልስልኛል።»

«ምን ስንቅ?»

«አይጥ ነዋ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጸሐፊው ስሙን መዘገበ፤ ጣቱን ቀለም አስነክሮ አስፈረመው። ወደ ቤት ስንመለስ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በጨለማ ስለሆነ አላየኝም። ዋስ እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ዋስ የቆመልህን ሰው ጥለህ ብትሸሽ፣ ዘርህ ሁሉ «የሸሺው ወገን» እየተባለ ይኖራል። ዋሱ ራሱ ሲሸሽ ግን ምን እንደሚባል እስከዚያ ድረስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ የምልመላው ወሬ መጣ። ለውትድርና የሚሄዱ ልጆች ከየሰፈሩ ሊወሰዱ ነው ተባለ። የክርስትና ልጄ ያኔ ቁመቱ ከአባቱ በልጦ ነበር። እናቱ ባየችኝ ቁጥር ዓይኗ ደም ይመስላል። እኔ ለሚካኤል ተሳልሁ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? አበልጄ ግን በአጥሩ መተላለፊያ መምጣቱን ተወ። «ምነው ጠፋህ?» ስለው «ቀርከሃ በዝቶብኝ ነው» ይለኛል። ግቢው ደግሞ የተሰነጠቀ ቀርከሃ የለም። የልጅ ነገር ነው፣ ይጨነቅ ብዬ ተውሁት። ልጁ በመጨረሻ ሳይወሰድ ቀረ፤ ስሙ ሲነበብ አልነበረም። እልል አልን። ባለቤቴ ዳቦ ጋግራ ወሰደችላቸው። አበልጄ ዳቦውን ሲቀበል ዓይኑን አላነሣም፤ ይህንንም ልብ ያልሁት በኋላ ነው።

ያን ጊዜ የማኅበራችን የዓመቱ ድግስ ተቃርቧል። ለድግሱ የተገዛው በግ እሱ ዘንድ ይቀለብ ነበር፤ ተረኛው እሱ ነበርና።

ዘንዶዬ በዚያው ሰሞን ቆዳውን ሊጥል ደርሶ ነበር። ዘንዶ ቆዳ ሊጥል ሲል ዓይኑ እንደ ሞራ ነጭ ይሸፈናል፤ አያይም ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ምንም አይበላም። አይጥ በላዩ ብትሄድ እንኳ አይነካትም። እንቁላል አስቀመጥሁለት፤ እንዳለ አገኘሁት። ይህን አመሉን አበልጄ እንደ እኔው ያውቀዋል። አብረን ሆነን ስንት ቆዳ ሲጥል አይተናል! አንዱን የጣለውን ሙሉ ቆዳ ራሱ ወስዶ ቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቅሎት ነበር፤ «ለመድኃኒት ይሆናል» ብሎ።

ቀበሌ እንደገና ስብሰባ ጠራ። ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ስለ ጥጥ ዘር ይሁን ስለ መዋጮ ረስቼዋለሁ። ሊጠናቀቅ ሲል አበልጄ እጁን አወጣ። ከእኔ ራቅ ብሎ ነበር የተቀመጠ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የዘንዶውን ዋስትና አንሥቻለሁ» አለ።

እኔ የሰማሁ አልመሰለኝም። አጠገቤ የነበረውን ሰው «ምን አለ?» አልሁት። ሰውየው ፊቱን አዞረ።

«ምነው? ምን አደረሰ?» አለው ሊቀ መንበሩ።

«የማኅበሩን በግ ዋጠብኝ። ዛሬ ጧት ስነሣ በጉ የለም። ከአጥሩ ሥር ያለፈበትን ፈለግ አይቻለሁ። ነገ ደግሞ ልጅ ቢውጥ ተጠያቂ መሆን አልፈልግም።»

ተነሣሁ። በሰው ፊት መናገር የማይሆንልኝ ሰው እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። «አበልጄ» አልሁት፣ «ቆዳ ሊጥል ሲል ዓይኑን ስንት ጊዜ አብረን አይተናል! አሁንስ እንደ ሞራ አልተሸፈነም? በዚያ ዓይኑ ነው በግ የሚያድን?»

መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ ያየሁትን ተናግሬያለሁ» አለኝ።

በሰው ፊት «አበልጄ» ስለው እሱ መልሶ «አበልጄ» አላለኝም። እሷ ቃል ስትቀር፣ ነገሩ የዘንዶው ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ሊቀ መንበሩ ፋታ አልሰጠም። ረቂቅም ቢሆን የላይ ሐሳብ ነው፤ ዋስ ከሌለው ይወገድ አለ። እዚያው የአብዮት ጥበቃ ጠብመንጃ አንግተው ወደ ቤቴ ወረዱ፤ ሰዉም ተከተለ። ባለቤቴ ደጅ ላይ ገብስ እያሰጣች ነበር፤ ሰልፉን ስታይ አንድ ሰው የሞተ መስሏት ጮኸች።

ጠባቂዎቹ እህል ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ማንኛቸውም መግባት አልደፈሩም። ጆንያ በጆንያ ላይ ተቆልሏል፤ ገለባው፣ ቅርጫቱ፣ የፈረሱ ኮርቻ፣ ሁሉም እዚያው ነው። የት እንዳለ ምን ያውቃሉ?

«ባለቤቱ ያውጣው» አለ አንዱ።

«እኔ አላወጣም» አልሁ። «ዋስ ካጣ እናንተው አውጡት። እጄን አላስገባም።»

ድንጋጤዬ እንዳለ ሆኖ፣ በልቤ ትንሽ ተስፋ ነበረችኝ። ጨለማ ነው፤ ይፈራሉ፤ ይመሽባቸዋል፤ ነገ ስለ ነገ ያስባል። በዚያች ሌሊት በጆንያ አድርጌው ፈረሱን ሸፍኜ ወደ ቆላው አቅጣጫ እወስደዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

ያን ጊዜ አበልጄ ከሰዉ መካከል ወጣ። በበሩ አጠገብ የተደፋውን ቁና አነሣ። ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ገባና መሬቱን ደብ ደብ፣ ደብ ደብ አደረገ። እኔ እንደማደርገው። ሳይቸኩል።

ዘንዶው ከገለባው ራሱን ብቅ አደረገ። ዓይኑ ተሸፍኗል፤ ማን እንደጠራው አያይም። በመሬቱ ነው ያወቀው። የጠራውም የለመደው ሰው ነው ብሎ ወደ ቁናው ተሳበ፤ ግማሽ አካሉ ከበሩ እስኪወጣ ድረስ ዝም ብሎ መጣ።

የሆነውን አልዘረዝርም። በዶማም በመጥረቢያም ነው። ባለቤቴ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ዞር አላልሁም፤ ባለመዞሬ ምን ጠቀምሁት፤ ግን አልዞርሁም።

ከዚያ በጉን እናሳይ ተብሎ ሥጋ ቆራጩ በካራ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። ሰዉ ተደራርቦ አየ። በግ የለም። አይጥም የለም። ምንም የለም፤ ሆዱ እንደ ታጠበ ጆንያ ባዶ ነበር።

የወጣው ቃል የዚያች የእህል ነጋዴዋ ብቻ ነው። «በሉ እንግዲህ» አለች፣ «በጉን ሳያላምጥ ስለዋጠው ይሆናል ያልተገኘ።»

የሳቀ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ሁሉንም ተራ በተራ አየና «ስብሰባው ተበትኗል» አለ፤ ስብሰባው እዚያ እንደነበረ ሁሉ። ለነገሩ እውነቱ ያልገባው የሰፈር ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን ማን ይጠይቃል? «በጉ ታዲያ የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ በዚያ ዘመን ከዘንዶ የባሰ ነገር መቀስቀስ ነው። ቆዳውን አንዱ ጠባቂ ጠቅልሎ ወሰደው። ቀበቶ አደረገው ሲባል ሰማሁ።

አበልጄ ቁናውን ካነሣበት መልሶ አስቀምጦ ነው የሄደው። ቀስ አድርጎ፣ እንዳይሰበር። ያ ነገሩ ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ።

የማኅበሩ ድግስ ደረሰ፤ በግ ግን የለም። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ መከረ። ሙሴያችን፣ የማኅበሩ አለቃ ማለቴ ነው፣ ጨዋ ሽማግሌ ነበር፤ ጠርቶ እንዲህ አለኝ፤ «ልጄ፣ በጉን ማን እንደበላው ሚካኤል ያውቃል። ማኅበሩ ግን በጉን ያጣው በአንተ ዘንዶ ስም ነው። ለሰላም ብለህ ተካ።» አንዲት በግ ነበረችኝ፤ ጎትቼ ወሰድሁ። አበልጄ ቤት ታረደች፤ እዚያው ተበላች። እኔ አልጾምሁም፣ ሥጋውን ግን አልቀመስሁም፤ እንጀራዬን በሽሮው በልቼ ተነሣሁ።

ጽዋው ሲዞር ሙሴው እንደ ደንቡ «ቂም ያለው ይናገር፤ ቂም ይዞ ጽዋ አይጠጣም» ብሎ ጠየቀ። እኔ ዝም አልሁ። ጽዋውን ተቀብዬ ከንፈሬን ሳላስነካ ለሚቀጥለው አሳለፍሁ። ሙሴው አየኝ። አበልጄም አየኝ። ከዚያ በኋላ በየወሩ እንደዚያው ሆነ፤ እኔ አልጠጣም፣ ማንም አይጠይቀኝም።

አይጡ ተመለሰ። ገበሬው «አያ ባለጋሪ፣ እህሉ ቀሎብኛል» ይለኝ ጀመር፤ አንድ በአንድ ሌላ ማስቀመጫ ፈለገ። በዓመቱ እህል ቤቱ ባዶውን ቀረ። ከዚያ ወዲያ በጋሪው ብቻ ኖርን፤ ባለቤቴም ጠላ እየጠመቀች መሸጥ ጀመረች። የአጥሩን መተላለፊያ እሾህ በቀለበት፤ እኔም አልቆረጥሁት፣ እሱም አልቆረጠው። ያ ረቂቅ ደግሞ ረቂቅ እንደሆነ ቀረ። ጸና የሚል ትእዛዝ ወርዶ አያውቅም። ለመጠየቅም ሄጄ ነበር፤ «የቱ ረቂቅ?» አሉኝ።

ደርግ ወደቀ። በማግስቱ ዓመት በፋሲካ የክርስትና ልጄ እንደ ወጉ ሊጠይቀኝ መጣ። አግብቷል፣ ሪዝ አውጥቷል። እንደ ወትሮው ዳቦ ይዞ አልነበረም የመጣው። ሙክት በግ እየጎተተ ነው።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?» አልሁት።

«የእርስዎ ነው» አለኝ።

«የእኔ ከየት መጣ?»

ተቀመጠ። የበጉን ገመድ እጁ ላይ እየጠቀለለ፣ «ያኔ የማኅበሩን በግ አባቴ ነው ለመልማዩ ሰው የሰጠው» አለኝ። «ቃል ገብቶለት ኖሮ፣ ስሜ ከቀረ በኋላ ሌሊት ወስዶ ሰጠው። ስሜ ሳይነበብ የቀረው በዚያ በግ ነው። ለብዙ ጊዜ አላወቅሁም፤ እናቴ ልትሞት ስትል ነገረችኝ።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። እኔ ፈረሴን ለማጠጣት የያዝሁት ባልዲ እጄ ላይ ነበር፤ ባልዲውን መሬት አስቀመጥሁት።

«በጉ ይሁን» አልሁት። «የአንተ ዋጋ አንድ በግ አይደለም፤ መንጋም ቢሰጥልህ ደግ። ግን እኔን ለምን አልጠየቀኝም? የእኔዋ በግ አጠገቡ ነበረች። እኔስ አባትህ አይደለሁም?»

አንገቱን ደፋ። «ጠይቄዋለሁ» አለ። «‹እሱ ውሸት አይሆንለትም፤ ቢጠይቁት ይናገራል፤ ይነግርብኛል ብዬ ፈራሁ› አለኝ።»

እውነት ነው። ውሸት አይሆንልኝም። ዝም ማለት ግን እችል ነበር። ዝም ማለት እንደምችልማ በየወሩ ጽዋው ሲዞር አጠገቤ ተቀምጦ ሲያየው ኖሯል።

የሚቀጥለው ወር የማኅበሩ ተረኛ እኔ ነበርሁ። ያንን በግ አረድሁት። አበልጄም መጣ፤ ሸብቷል፣ በምርኩዝ ነው። ካህናችን አባ ጸበሉን ረጩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሙሴው ጽዋውን አነሣ። «ቂም ያለው ይናገር» አለ።

«እኔ አለኝ» አልሁ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምናገረውን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል።

«በማን ላይ?» አለ ሙሴው።

«በአበልጄ ላይ። በጉን አልጠይቅም፤ በጉ ለልጃችን ነው። እህል ቤቴንም አልጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ይበልልኝ። በዚህ ጽዋ ፊት ‹ዘንዶው በግ አልበላም› ይበል። ሰዉ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ከሱ አፍ እንስማው። ያን ጊዜ እጠጣለሁ።»

አበልጄ ምርኩዙን ያዘ፣ ለቀቀ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የሚል መሰለኝ። እውነቴን ነው የምለው፣ ጽዋውን ለመቀበል እጄን ዘርግቼ ነበር።

«ዘመኑ ነው» አለ። «ያኔ ማንም ሰው ራሱን አልነበረም። ዘመኑ ነው፣ ወንድሞቼ።»

እጄን ሰበሰብሁ።

«ዘመኑ ቁናውን አልመታም፣ አበልጄ» አልሁት።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሙሴው ትንሽ ጠበቀ፤ ሌላ ቃል እንዳልመጣ ሲያይ ጽዋውን እኔን አልፎ ለሚቀጥለው ሰው ሰጠው። ሰዎቹ ሲሄዱ ባለቤቴ የአበልጄን ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችው፤ ተረኛ እንግዳውን ባዶ እጁን አይሸኝም። ደጁ ጨለማ ስለነበር እስከ አጥሩ ድረስ ፋኖስ አበራሁለት፤ እሾሁ እንዳይወጋው ዞሮ በትልቁ በር እንዲወጣ ነገርሁት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። «አሜን» አልሁት።

እስከ ዛሬ ጎረቤቴ ነው።